ሦስት ጊዜ ጠይቋት

ቢታንያ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ምርጫ ያዘጋጀችውን ንግግር መጀመሪያ ያሰማችው ለሊፍቱ መስታወት ነበር። ሊፍቱ ከላይ ተነስቶ ምድር እስኪደርስ ንግግሩ ያልቃል። መሀል ላይ ጎረቤት ከገባ ግን «ሃይ» ትልና የቀረውን በሆዷ ትጨርሰዋለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ወንበሩን ግን ክፉኛ ፈልጋው ነበር።

ነገሩን የጀመረው ክብረኣብ ነው።

በጸደይ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ በኦስሎ የሃውገሩድ ሰፈር ወላጆች መጥረጊያና አካፋ ይዘው የትምህርት ቤቱን ግቢ ለማጽዳት ዱግናድ ወደሚሉት የነጻ የጋራ ሥራ ወጡ። ቢታንያ የጠረገችውን ጠጠር የምትጭንበት የእጅ ጋሪ ስትፈልግ አንዱን አየችና እጇን ዘረጋች። ከወዲያ በኩልም አንድ ረዥም ሰው ዘረጋ።

«ውሰጂው» አላት፣ መልኳን አይቶ በአማርኛ።

«ኧረ አንተ ውሰደው።»

«በፍጹም! አንቺ ቀድመሻል።»

«የአንተ ጠጠር ይበዛል፣ ግድ የለም።»

እንዲህ ሲገባበዙ አንዲት ኖርዌጃዊት እናት «ማንም አይፈልገውም?» ብላ ጋሪውን እየገፋች ሄደች። ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ተያዩ። ከዚያ የሳቁት ሳቅ ቢታንያን ሆዷን እስኪያማት ድረስ ነበር።

ያ ረዥም ሰው ክብረኣብ ነበር፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከአሥመራ በልጅነቱ መጥቶ ኦስሎ ያደገ፤ አማርኛውን ያገኘው አዲስ አበባ ካደገች እናቱ ነው። ከሚስቱ ጋር ከተለያየ ቆይቷል፤ ሉዋም የምትባል ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ቢታንያ ደግሞ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። እናታቸው ስታርፍ ታናሽ እህቷን ሀሌሉያን ወደራሷ አምጥታ፣ እህትም እናትም ሆና ቀርታለች። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ናቸው።

«ከትምህርት በኋላ የሚያስጠኑበትን ክፍል ሊዘጉት ነው አሉ፣ ሰምተሃል?» አለችው ያን ቀን። «ሀሌሉያ እዚህ ስትመጣ ዓመት ሙሉ አፏን አልከፈተችም። እዚያ ክፍል ገብታ ነው የተናገረችው። አሁን ባና ባቡሩ ውስጥ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ታሳፍረኛለች! ይህን ክፍል እንዴት ይዘጉታል?»

ጉንጯ ቀልቶ፣ መጥረጊያውን እንደ ማይክ ጨብጣ ነበር። ክብረኣብ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

«ይህን ቦርዱ ላይ መናገር አለብሽ። የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ በመስከረም የወላጅ ወንበር ይለቀቃል።»

«እኔ? ማን ይሰማኛል?»

«እኔ እየሰማሁሽ ነው» አላት።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ የቢታንያ ልብ እዚያው ጠጠሩ መሀል ፈረደ።

በጋው እንዴት እንዳለፈ አታውቀውም። ልጆቹን ሐይቅ ይዘው ይሄዳሉ፤ እሱ አውቶቡሱን በእሷ ሰፈር ሲያሳልፍ በመብራት ይጠቅሳታል። የሚነገረው ነገር ግን ሳይነገር ነሐሴ አለቀ።

ምርጫው ሲቃረብ ሀሌሉያ ከትምህርት ቤት ወሬ ይዛ መጣች።

«የሉዋም አባት ለቦርድ ሊወዳደር ነው! ሉዋም ነገረችኝ።»

ቢታንያ ክው አለች። ለካ ያ ሁሉ «ተናገሪ፣ ተወዳደሪ» ሐሳቧን ለመልቀም ኖሯል? ክብረኣብ ደወለላት፤ አላነሳችም። ሊፍቱ ውስጥም ንግግር ቀረ። ኩርፊያዋ ግን ከሰው ደብቃ የያዘችው ናፍቆት መሆኑን ለራሷም አልነገረችውም።

በምርጫው ምሽት አዳራሹ በወላጅ ተሞላ። ክብረኣብ ከፊት ወንበር ዞሮ አያት፤ እሷ ጣሪያ አየች። ሰብሳቢዋ ኢንግሪድ መነጽሯን አስተካክላ ጀመረች።

«ክብረኣብን የየክፍሉ የወላጅ ተጠሪዎች ጠቁመውታል። ፈቃደኛ ነህ?»

«ያ» አለ፣ በኖርዌጅኛ አዎ ብሎ ባጭሩ።

«ሁለተኛዋ ተጠቋሚ ቢታንያ ናት። ፈቃደኛ ነሽ?»

ቢታንያ ስሟን ስትሰማ ዓይኗን ከጣሪያው አወረደች። ማን ጠቆመኝ? ደስታው ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጸጉሯ ነዘራት። በዚህ ጊዜ አፏ የለመደውን አደረገ።

«ኔይ፣ ኔይ… አይሆንም፣ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተው!»

በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን መሪ ሲመረጥ እንዲሁ ነው። የተጠቆመ ሰው አንገቱን ደፍቶ «አልችልም» ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይለምኑታል፤ ደግሞ እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው «እንግዲህ የጌታ ፈቃድ ከሆነ» ብሎ ይነሳል። ባንዴ እሺ ያለ ሰው ሹመት የቸኮለ ይባላል። ቢታንያም አንገቷን ደፍታ ልመናውን ጠበቀች።

«ግልጽ ስለሆንሽ እናመሰግናለን» አለች ኢንግሪድ፣ ስሟንም በብዕር ሰረዘችው።

የሚለምን የለም። ኖርዌጃዊ እንደሆነ እምቢታን ያከብራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ቢታንያ የደፋችውን አንገት ቀና ማድረግ አቃታት። የሀሌሉያ ክፍል፣ የሊፍቱ ንግግር፣ ሁሉም በገዛ አፏ ሄደ፤ እንባዋ መጣ።

«እንግዲህ እጩው አንድ ብቻ ስለሆነ…» ስትል ኢንግሪድ፣ ክብረኣብ ብድግ አለ።

«ይቅርታ፣ ገና አልጨረሳችሁም» አለ። «እሷን የጠቆምኳት እኔ ነኝ። በእኛ አገር የጨዋ ሰው የመጀመሪያ እምቢታ መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሦስት ጊዜ ጠይቋት።»

አዳራሹ ሳቀ። ዝም ቢል ወንበሩ የእሱ ነበር። ቢታንያ እንባዋ እንዳቀረረ አየችው፤ የሰነበተ ኩርፊያዋ እንደ ጸደይ በረዶ ቀለጠ።

ኢንግሪድም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ቢታንያ፣ እንለምንሻለን፤ ፈቃደኛ ነሽ?» አለች።

«ኧረ እኔ እኮ…» ብሎ አፏ ደግሞ ሊያሳፍራት ሲል፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ሦስተኛና መጨረሻ! ቢታንያ?»

«ያ!» አለች፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።

የሊፍቱ ንግግር እንዳለ ጠፋባት። ስለ አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ አፏን ስለከፈተችበት ክፍል፣ ማስታወቂያ ስለምታነብበት ባና ብቻ ተናገረች። ድምጽ በእጅ ሲሰጥ ለእሷ የተነሳው እጅ ከግማሽ እጅግ አለፈ፤ ከሁሉም ቀድሞ ከፍ ያለው የክብረኣብ ነበር። እሱ ተለዋጭ ሆኖ ተመረጠ፤ እሷ ባልቻለች ቀን የሚቀመጥ።

ሲወጡ ፀሐይ ከብሎኮቹ ጀርባ ገና አልጠለቀችም። ልጆቹ ከፊት ከፊት ቅጠል እየረገጡ ይሮጣሉ።

«ታዲያ ለምን ራስህ እሺ አልክ?» አለችው።

«አንቺ ከቀረሽ ለክፍሉ የሚቆም ይጥፋ? ይህን ልነግርሽ ስደውል ደግሞ ስልክ አታነሺም።»

«ተቀይሜህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እንዴት ብዬ!»

ክብረኣብ ቆመ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ በበረዶ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው፣ አሁን ለአንድ ጥያቄ ፈራ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወጋችንን አውቃለሁ፤ ሦስቴ እጠይቅሻለሁ። ሁለቱን እምቢ በይኝ፣ አልቀየምም።»

«ጠይቅ።»

«ቢታንያ፣ እወድሻለሁ። ከዚያ ከጋሪው ቀን ጀምሮ። እኔና ሉዋም፣ አንቺና ሀሌሉያ አንድ ቤት ብንሆን… ታገቢኛለሽ?»

«እሺ» አለችው።

እሱ ግን ልመናውን አጥንቶ መጥቷልና ሳይሰማ ቀጠለ። «እንግዲህ ለሁለተኛ ጊዜ እለምንሻለሁ…»

«ክብረኣብ! እሺ አልኩህ እኮ!»

«ባንዴ? እምቢታውስ?»

ቢታንያ እጁን ያዘችው።

«ጋሪው በመግደርደር አመለጠን» አለችው። «ወንበሩም ለጥቂት ተረፈ። አንተን ግን ለይሉኝታ አልሰጥህም።»