የአባዬ ጺም

«ኧረ ምንድን ነው ይሄ!»

ልጅቷ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቀረች። የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ የታላቅ ወንድሟ መላጫ ተጋድሟል። የደረቀ ሳሙናና ፀጉር ተጋግሮበታል፤ የምላጩ ጥግ ዝጓል። ፀጉሩ የማን እንደሆነ እንኳ አይለይም፤ ግማሹ የወንድሟ፣ ግማሹ የአባቷ መሆን አለበት። የጥርስ ብሩሿን ከመታጠቢያው አራቀች።

«ሳኒታይዘር ተነሳች!» አለ ወንድሟ ከኋላዋ። ቤት ውስጥ ስሟ ይኸው ነው። ማንኪያ ሁለቴ አጥባ የምትበላ፣ የሰው ፎጣ በጣቷ ጫፍ የምታነሳ ልጅ ሌላ ስም አይወጣላትም። «ዞር በይ፣ አባዬን ልላጨው።»

አባቷ ተከትሎት ገባ። ከደረጃ ወድቆ ቀኝ እጁ ከተሰበረ ዐሥር ቀኑ ነው፤ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ በጄሶ ታስሯል። ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነው። በግራ እጁ በር መክፈት አላቃተውም፤ በግራ እጁ ልላጭ ብሎ ግን ጆሮው ሥር ቆርጦታል። ፀጉር ቤት የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው፤ እሱ ሥራ የሚገባው በአንድ። እናታቸው ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ሳይነጋ ወጥታለች።

የአባቷን አንገት አየችና ወዲያው ባላየሁ አለች። ከመንጋጭላው ጀምሮ ቀይ ሽፍታ ወርሶታል። አንዱ ቁስል አናቱ ላይ መግል ቋጥሯል።

«አለቃህ ምንም አላለህም?» አለችው።

«ትናንት ብሏል እንጂ» አለ አባቷ። «‹እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ያንተን ፊት ነው። ነገም እንዲህ ሆነህ ከመጣህ ምድር ቤት ዕቃ ክፍል ትወርዳለህ› አለኝ።» ሳቅ ለማለት ሞከረ፤ አላማረበትም።

እጁ የተሰበረ ሰሞን መጀመሪያ የለመናት እሷን ነበር። «አንቺ እጅሽ ቀላል ነው፣ እስቲ ሞክሪልኝ» ሲላት፣ «እኔ? የሰው ጺም? ያቅለሸልሸኛል አባዬ!» ብላ ሮጠች። ስቆ ተዋት፤ ዳግመኛም አልጠየቃት። ሥራው ለወንድሟ ደረሰ። እሱ ደግሞ ደረቅ ፊት ላይ ሳሙና ለቅለቅ ያደርግና፣ ያረረ ድስት እንደሚፍቅ ሰው ከታች ወደ ላይ እየተጫነ ይሞዥቀዋል። «ከሥሩ ካልተነሳ ምን ዋጋ አለው?» ይላል።

ወንድሟ መላጫውን አንስቶ ጠርዙ ላይ መታ መታ አደረገው። የተጋገረው ነገር ዱብ አለ።

«በዚህ ነው የምትላጨው?»

«ስለት ስለት ነው። ገና ወር አልሞላውም።»

«ወር?!»

አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ቀና፣ ዓይኑን ጭፍን አደረገ። ምላጩ ሳይነካው ፊቱ ተኮማተረ። ልጅቷ ይሄን ማየት አልቻለችም። መላጫውን ከወንድሟ እጅ ነጠቀችና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

«አንቺ፣ አብደሻል እንዴ!»

«አዲስ ምላጭ የለም?»

አባቷ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «መሳቢያው ውስጥ ከነመላጫዬ አለ። ሙሉ ፓኬት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እየረዳኝ እንዴት ልቆጣው?»

ወንድሟ ጆሮው ቀላ። ውሃ አሙቅ ስትለው እያጉረመረመ ወጣ።

ወንድሟ ባመጣው ሙቅ ውሃ የነከረችውን ፎጣ አባቷ ፊት ላይ ጭናለት ቆየች። ስታነሳው መግል የቋጠረው ቁስል ፈርጦ ኖሯል፤ ፎጣው ላይ ቢጫና ቀይ ተለጥፏል። ምራቋ አፏን ሞላው። ወደ ግድግዳው ዞራ በአፏ ተነፈሰች።

«ተይው ልጄ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «ግድ የለም፣ አትችይውም።»

«ዝም በል አባዬ። ወዴት ነው የምላጨው?»

«ፀጉሩ ወደሚተኛበት። ጉንጬ ላይ ወደ ታች ነው፤ አንገቴ ላይ ወደ ጎን ይዞራል። በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ደግሞ አትጫኚ፤ ምላጩ ራሱ ይሠራል።»

ዳሰሰችው። ይሻክራል፣ ይሞቃል፣ ይረጥባል፤ ሦስቱም አስጠሏት። አረፋውን ቀባችውና አንዴ ሳብ አደረገች። ምላጩ ላይ የቀረውን ፀጉር ማየት ስላልቻለች ወዲያው በውሃ ለቀለቀችው። ሳብ፣ ለቅለቅ፤ ሳብ፣ ለቅለቅ። የፈረጠው ቁስል ጋ ስትደርስ ዘላው አለፈች።

«ኧረ ፍጠኚ፣ መላጫ ነው የምታጥቢው ሰው ነው የምትላጪው?» አለ ወንድሟ።

«ተዋት» አለ አባቷ፤ ፊቱ መኮማተሩን ትቷል።

በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችውና ሳታሽ በንጹሕ ፎጣ አደረቀችው። አባቷ መስታወቱ ፊት ቆሞ በግራ እጁ አገጩን፣ ከዚያ አንገቱን ዳሰሰ። ሽፍታው ገና አልጠፋም፤ ደም ግን አንዲት ጠብታ የለም። ብዙ ቆየ፤ ሰዓቱን የረሳ መሰለ።

ኮቱን በትከሻው ጣል አድርጎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ለነገ አታስቢ። ወንድምሽ አሁን አይቷል፤ እሱ ይላጨኛል።»

ጄሶው የሚፈታው ከወር በኋላ ነው። ልጅቷ መታጠቢያውን ተመለከተች። ግራጫ አረፋ መሃሉ ላይ ቆሟል፤ ፀጉሩ ማፍሰሻውን ዘግቶታል። እንደገና አቅለሸለሻት።

«ነገ በዐሥራ ሁለት ሰዓት እኔው እቀሰቅስሃለሁ፣ አባዬ» አለች።

«ያቅለሸልሸኛል ብለሽ አልነበር?»

«አዎ። በጣም።»

ፊቷን አጨፍግጋ፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ፀጉሩን በባዶ እጇ መልቀም ጀመረች።