ያልደረቀው ሳህን

ሟቹ ሁለት እጃቸውን በወፍራም ሰማያዊ ጓንት እንደሸፈኑ በጀርባቸው ተንጋለዋል። መርማሪዋ ከመጣች ሩብ ሰዓት አልፏታል፤ እስካሁን ያገኘችው ነገር ቢኖር «አደጋ ነው» የሚል ቃል ብቻ ነው። ያነጋገረችው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያጠኑት ይመስል ይህንኑ ይደግምላታል።

ክፍሏ እንደ ዕቃ ቤት ጠባብ ናት። አዛውንቱ ቴክኒሻን እዚህች ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ፕሮቲን ያለበትን ጠብታ የጥፍር ጫፍ በምታክል የመዳብ ወንፊት ላይ ያኖራሉ፤ ትርፉን በመምጠጫ ወረቀት ያነሳሉ፤ ከዚያ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ይነክሩታል። ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ከረጋ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ፕሮቲኑን ያየዋል። ውርጭ ከያዘው ግን የወራት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። የእሳቸው በረዶ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ስለነበር «ጋሼ መስታወት» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

«ሥራ የጀመሩት ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አሉ የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ፣ ሰዓታቸውን እያዩ። «የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ጋን መክፈቻ ውርጭ ይዞት አልዘጋ አላቸው። ፈሳሹ ተነነና የክፍሉን አየር አባረረው። ናይትሮጅን አይሸት፣ አያስል። ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው ይወድቃል።»

«የማስጠንቀቂያ ደወል የለም?»

«አለ፤ ጆሯቸው ግን ደከም ብሎ ነበር። የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ከስምንት ሰዓት በፊት ቅጹን ቢፈርሙልን ደስ ይለናል።»

መርማሪዋ ቀና አለች። አየር ማውጫው ይዞራል።

«ይሄን ማን አበራው?»

«ስናገኛቸውም ይሠራ ነበር። ማንም አልነካውም።»

ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ሦስት ተኩል ገደማ ብሎ ገምቷል። ሬሳውን ስድስት ሰዓት ላይ ያገኘችው የማይክሮስኮፑ ኃላፊ ናት። የእሷ ክፍል ከጎን ነው፤ መርማሪዋ ግን ይህም ብዙ እንደማይረዳት ወዲያው ገባት።

«እኔ ጋ ድምፅ አይገባም» አለች ሴትዮዋ። «ማይክሮስኮፗ እንደ አማት ናት፤ ኮሽ ካለ ትቆጣለች።»

«ስታገኚያቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው የፎም ሳህን እንዴት ነበር?»

«እስከ አፉ ሞልቶ ይጨሳል። የቀዘቀዙት ወንፊቶች ናይትሮጅን ውስጥ ነው የሚቀመጡት።»

«ሳይጨመርበት ስንት ይቆያል?»

«አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው። ከዚያ ይደርቃል፤ ወንፊቶቹም ይበላሻሉ።»

«ከእሳቸው ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

«ዝናብ በመጣ ቁጥር ሁላችንም እንጣላለን። አየር ማውጫው እርጥበት ስቦ ያስገባል፣ ወንፊቱ ይበላሻል። ‹ለትንሽ ጊዜ ያጥፉት› ስንላቸው ‹በረዶሽ ከነፍሴ አይበልጥም› ይላሉ። ፕሮፌሰሩንም እንደዚያው ነው የሚመልሷቸው።»

ውጭ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም።

ሦስተኛው ሰው ፕሮቲኑን አሥራ አራት ወር ሙሉ ሲያጣራ የከረመው ወጣት ተመራማሪ ነው። ቀኝ እጁን ጋዋን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ።

«እንደ አባት ነበሩ» አለ። «ስድስት ጊዜ ውርጭ በላብኝ። ሰባተኛውን ራሳቸው ሊሠሩልኝ ነበር። የቀረኝ ፕሮቲን ያ ብቻ ነው።»

«ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን።»

ቃሉን በግራ እጁ ጻፈ። ፊደሎቹ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፋቸው ይመስላሉ።

መርማሪዋ ተናድዳ ወጣች። የሞላ ሳህን፣ የሚዞር አየር ማውጫ፣ የማይሰማ ጆሮ፤ አንዱ ከአንዱ አልገጥም አላት። ኮሪደሩ ላይ የሟቹ ሴት ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ‹ራሱ ነው ጥፋተኛው› ብለው ሊጽፉ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

«ደወሉን አልሰማም ነው የሚሉት፣ ልጄ።»

«ለዚያ አይደል ቀይ መብራት ያስገጠመው? ደወሉ ሲጮህ መብራቱ ዓይኑ ሥር ይበራል። አባቴ ከቤት ሲወጣ ምድጃውን ሦስቴ ነው የሚያየው።»

መርማሪዋ ራሷን ረገመች። መብራቱን አይታዋለች፤ የጠረጴዛ መብራት መስሏት አልፋዋለች። ተመልሳ ገመዱን በጣቷ ተከተለችው። የመብራቱም፣ የደወሉም፣ የአየር ማውጫውም ገመድ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል። ሦስቱም የሚያያዙት ከበሩ ውጭ ካለች አንዲት ማብሪያ ጋር ነው።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቷም በሩ አጠገብ ቆመች። ሳህኑ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ ናይትሮጅን የያዘ ፔርሙስ አለ።

«ማንም እንዳይነካው» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ መስታወት ዓይናቸው ደህና ነበር። ቀዩ መብራት ቢበራ ያዩት ነበር። ስለዚህ አልበራም። የሚጠፋው ከውጭ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ውስጥ ናቸው። አጥፊው ሌላ ሰው ነው።»

«ግን ስናገኛቸው ሁሉም ይሠራ ነበር» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አዎ፤ ያጠፋው ሰው ተመልሶ አብርቶታል። ገብቶም ሞተው አይቷቸዋል። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ በዚህ ሳህን ነው። በአንድ ሰዓት የሚደርቅ ሳህን ባለቤቱ ከሞተ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞልቶ ተገኘ። ሬሳ እየተሻገረ የሞላው ሰው አለ።»

የሳህኑ ጭስ እየሳሳ ሄደ።

«የክፍሉ ጓንት አንድ ጥንድ ነው፤ እሱም ሟቹ እጅ ላይ ነው። ሳህኑን የሞላው ሰው በባዶ እጁ ነው የቀዳው። ናይትሮጅን ደግሞ እንደ እሳት ያቃጥላል። እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ ብታደርጉልኝ።»

ፕሮፌሰሩ ዘረጉ። የማይክሮስኮፑ ኃላፊም ዘረጋች። ወጣቱ አልሰማም። ዓይኑ ሳህኑ ላይ ተተክሏል፤ ከታች ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ይንጣጣል።

«እባክሽ፣ ትንሽ ጨምሪበት» አለ በቀስታ።

መርማሪዋ አልተንቀሳቀሰችም። ያን ጊዜ ቀኝ እጁ ሳያውቀው ከኪሱ ወጥቶ ፔርሙሱን ያዘ። ጣቶቹ ሁሉ ውሃ ቋጥረዋል።

ፔርሙሱን መልሶ አስቀመጠው።

«ለአርባ ደቂቃ ነበር ያጠፋሁት» አለ። «እርጥበቱ እንዳይገባ ብዬ። ደወሉም አብሮ እንደሚጠፋ አላሰብኩም። ስመለስ ወድቀዋል። አበራሁት፣ አየሩ እስኪመለስ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ጠራኋቸው። አልተነሱም። ከዚያ ሳህኑን አየሁት።»

«ስንት ጊዜ ሞላኸው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስቱንም ጊዜ ሰው አልጠራህም።»

«በየጊዜው ልጠራ ነበር።»

«ጓንቱንስ ለምን አልወሰድክም?»

«ከእጃቸው ላይ ማውለቅ ከበደኝ።»

ሳህኑ ደረቀ። ወጣቱ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

መርማሪዋ ፕሮፌሰሩ ያዘጋጁትን ቅጽ ሳበች። «የሟች የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘችውና ለልጅቷ አሳየቻት።

«መብራቱ ቢበራ ኖሮ ያየው ነበር፣ አይደል?» አለች ልጅቷ።

«ያየው ነበር፣ ልጄ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ እስካሁን ይዛው የነበረው ዕንባ ያኔ ወረደ።