ያዘለችኝ ሴት

«ቀጮ፣ እዚህ ጋ ‹ሺ› ያልሻት ማን ናት?»

የእንግሊዝኛ አስተማሪው እስክሪብቶውን ድርሰቷ ውስጥ «ሺ» (እሷ) የሚለው ቃል ላይ አሳረፈ። ርዕሱ «የማመሰግነው ሰው» ነው። አርብ ወላጆች ፊት ታነበዋለች፤ እሱ ደግሞ ይተረጉምላቸዋል።

«መጀመሪያ እናትሽንና አክስትሽን ጠራሽ። ከዚያ ‹ሺ› አዘለችኝ፣ ‹ሺ› አጠበችኝ እያልሽ ሄድሽ። አንባቢው የትኛዋን ይከተል? ለይተሽ ጽፈሽ አምጪ።»

ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። እግሯ ተሰብሮ በጄሶ በታሰረ ጊዜ ትምህርት ቤት አዝላ ያመላለሰቻት አክስቷ ናት፤ እናቷ ያኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበረች። አርብ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እናቷ በሰው ፊት አንገቷን ስትደፋ ማየት አልፈለገችም። «ሺ» ለሁለቱም ትበቃለች ብላ ነበር።

እቤት ስትገባ እናቷ ልብስ ትተኩሳለች። የማታ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየች አታልፍም።

«ምንድን ነው እሱ? እስቲ አንብቢልኝ።»

ቀጮ እየተረጎመች አነበበች። «አዝላኝ ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር...»

«ቆይ፣ ማን?»

«እሷ።»

«እሷማ ገባኝ። ማን?»

እናቷ ካውያውን አቁማ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔን ፈርተሽ ነው?»

«ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው፣ እማ።»

«ቅር የሚለኝ ያኔ አጠገብሽ ባለመኖሬ ነው። እህቴ ስላዘለችሽማ እንዴት ቅር ይለኛል? ደውላ ‹ልጅሽ ደህና ናት› ስትለኝ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። እሷን ሸሽገሽ እኔን ደስ አታሰኚኝም።»

ከጓዳ ይሰማ የነበረው የአክስቷ የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። «ማንን ነው የምታሙት?» አለች አክስቷ።

«አንቺን ነዋ» አለች እናቷ። «ልጄን አዝለሽ እንደተመላለስሽ እየጻፈች ነው።»

«እንግዲያው ይሄንንም ጻፊ፦ ‹ቀጮ› ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው አዝሎሽ አያውቅም። ወገቤ ምስክር ነው።»

ሦስቱም ሳቁ። የስፌት መኪናው እንደገና መንኳኳት ጀመረ።

ቀጮ አዲስ ወረቀት አወጣች። «ሺ አዘለችኝ» ያለችበትን «አክስቴ አዘለችኝ»፣ «ሺ አጠበችኝ» ያለችበትንም «አክስቴ አጠበችኝ» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። የወገቡንም ነገር አልተወችም። ከዚያ ከሥሩ ባለው ባዶ መስመር ላይ «እናቴ» ብላ ጀመረች።

እናቷ ወደ ካውያዋ አልተመለሰችም። ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች የሚመጣውን ትጠብቃለች።