ፋርማሲ አልደረሰኝም

«አያንቱዬ፣ እነዚህን ሁለቱን አብሬ ብውጣቸው ችግር አለው?»

እትዬ አማከለች ከነጠላቸው ጫፍ ሁለት የኪኒን እሽጎች ፈትተው በአያንቱ አባት ሱቅ ባንኮኒ ላይ፣ ከዳቦው ሳጥን አጠገብ አስቀመጡ። አንደኛውን አያንቱ ታውቀዋለች፤ እኚህ ጎረቤቷ ለዓመታት የሚውጡት የደም ግፊት መድኃኒት ነው። በሁለተኛው ላይ የተጻፈውን ስም ግን አይታው አታውቅም።

«ይሄን ማን ሰጠዎት?»

«የእህቴ ልጅ ከአረብ አገር ልካልኝ ነው። ለግፊት የዚያ ይሻላል አለችኝ። ከትናንት ወዲያ ጀመርኩት፤ የድሮውንም አላቋረጥኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ስነሳ ቤቱ ዞረብኝ።» በእጃቸው ባንኮኒውን ተደገፉ። «ጤና ጣቢያ ልሄድ ነበር። ኋላ፣ ደጃችን ላይ ፋርማሲ የምትማር ልጅ እያለች ምን አሰለፈኝ ብዬ ተውኩት።»

አያንቱ እሽጉን አገላበጠችው። እንዲያው ለማንበብ ያህል እንጂ ምኑንም አታውቀው። ፋርማሲ አትማርም።

ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍል ምርጫ ስትሞላ ፋርማሲን አንደኛ አድርጋው ነበር። ውጤቷ ለጥቂት አልበቃም። የደረሳት ዕፅዋት ሳይንስ ሆነ፤ ግብርና። ምደባው በወጣ ቀን አባቷ ቶሌራ ደወለ። ከጀርባው የአጎቷ የፈየራና የዘመዶቿ ጨዋታ ይሰማ ነበር።

«ፋርማሲ ነው አይደል የደረሰሽ?» አላት። የጠየቃት ሳይሆን ሌሎቹ እንዲሰሙለት የፈለገ ይመስል ነበር።

«አዎ» አለች።

ነገ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር። ነገው ሰባት ወር ሆነው። ለእረፍት ሰፈሯ መካኒሳ ስትመለስ አጎቷ የገዛላት ነጭ ጋዋን ከነላስቲኩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠበቃት። ሰፈሩ ደግሞ ሱቃቸው እየመጣ የራስ ምታቱንም የጨጓራውንም መድኃኒት ያስነብባት ጀመር። እሷም ስልኳን ከባንኮኒው ሥር ደብቃ እየፈለገች ትመልሳለች።

ለአባቷ እንዳትነግረው የሚያደርጋት ቁጣው አልነበረም። ቶሌራ ላፍቶ ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው። ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ሱቁን ከከፈተ ወዲህ ለደንበኛው ሁሉ «የኔ ልጅ ጭቃ አትረግጥም» ይላል። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የምታየው ኩራት ነው አፏን የሚይዘው።

የዶርም ጓደኛዋ ምስጢር ብዙ መክራታለች። «አንቺ ደግሞ ፋራ አትሁኚ። ግብርና ማለት በሬ መጥመድ ብቻ መሰለሽ እንዴ? ወንድሜ ዘር የሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው የሚሠራው። አበባ እርሻ አለ፣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ባንክ ራሱ ለእርሻ ብድር ባለሙያ ይቀጥራል። ንገሪውና ይውጣልሽ።»

ከሁሉ የከበዳት ግን ትምህርቱን እየወደደችው መምጣቷ ነበር። አንድ ቀን መምህራቸው ዋግ የሚባለው በሽታ የመታውን የስንዴ ቅጠል በማይክሮስኮፕ አሳዩዋቸው። ያ ማሳ ሙሉ የሚያወድም ነገር እንዲህ ደቃቅ መሆኑ ገርሟት ከመሣሪያው ላይ አልነሳም ብላ ተሰላፊዎቹ ተነጫነጩባት። ማታ ለአባቷ ልትደውል ስልኳን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ደስታዋንም እንደ ጥፋት መደበቅ ነበረባት።

«ታዲያ ምን ትያለሽ?» አሉ እትዬ አማከለች። «ልዋጠው ወይስ ልተወው?»

«ችግር የለውም» የሚለው መልስ ምላሷ ላይ ነበር። የሴትየዋ ከንፈር መንጣቱን ያየችው ያኔ ነው።

«እትዬ አማከለች፣ እኔ አላውቀውም። ፋርማሲ አይደለም የምማረው። ግብርና ነው። ዋሽቼ ነው።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ባለፈው ለጨጓራዬ የነገርሽኝስ?»

«ከስልኬ ላይ አንብቤ ነው።»

አልተቆጧትም። እሽጎቹን ሰብስበው መልሰው ቋጠሩ። አያንቱ ሱቁን ቆለፈችና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻቸው።

ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ ፊቷን አጨፈገገች። በጣም ወርዷል። እሽጎቹን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። «ስማቸው ተለያየ እንጂ አንድ መድኃኒት ናቸው። እጥፍ ነው ሲወስዱ የሰነበቱት። ዛሬም ደግመውት ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰችውም። ግፊታቸው ከፍ እስኪል አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። አያንቱ ከአጠገባቸው ቁጭ ብላ እጇን ጉልበቷ መሃል ቀበረች።

ሲመለሱ እትዬ አማከለች በራቸው ላይ ቆም አሉ። «ለአባትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እኔ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።»

ቶሌራ ሱቁን ከፍቶ ጠበቃት። «ጠርቅመሽው የት ሄድሽ?»

«እትዬ አማከለች አሟቸው ጤና ጣቢያ ወስጄያቸው ነው።»

ፊቱ ፈካ። «እንዲህ ነው እንጂ። ለዚህ አይደል ያስተማርኩሽ?»

እዚያ ላይ ዝም ብትል ቀኑ ያልፍ ነበር።

«አባዬ፣ ፋርማሲ አልደረሰኝም።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«አማከለች ታውቃለች?»

«ዛሬ ነገርኳቸው።»

«ከእኔ ቀድማ ሰማች ማለት ነው» አለ፤ ለራሱ ይመስል። «እና ምንድን ነው የምትማሪው?»

«ዕፅዋት ሳይንስ። ግብርና ነው።»

ፈገግ አለ፤ የደስታ አልነበረም። «እኔ መሬት አጥቼ ሱቅ ገባሁ። አንቺ የት ልታርሺ ነው?»

ምስጢር የቆጠረችላትን ሁሉ በቃሏ ይዛው ነበር። አሁን ግን ግማሹ ጠፋባት። «ማረስ ብቻ አይደለም። ዘር የሚመረምሩ አሉ፤ የሰብል በሽታ የሚያጠኑ አሉ። እኔ በሽታውን ነው ማጥናት የምፈልገው። ሥራ ወዲያው አገኛለሁ ብዬ ግን ሁለተኛ አልዋሽህም።»

አንዲት ደንበኛ መጥታ ሦስት ዳቦ ጠየቀች። ቶሌራ ሁለት ሰጣት፤ ሴትየዋ እስክትናገር አላስተዋለም። ከሄደች በኋላም ፊቱን ወደ አያንቱ አልመለሰም።

«እሁድ ፈየራ አንቺን ሊያሳይ ዘመዶች ይዞ ይመጣል» አለ። «ምን ልበለው?»

«አንተ ምንም አትበለው። እኔ እነግረዋለሁ።»

ቶሌራ የዳቦውን ሳጥን ክዳን መለሰ። አያንቱ እሁድን ከጠበቀች እንደ በፊቱ ነገ ነገ እንደምትል አወቀች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና እዚያው አባቷ ፊት ቆማ ለአጎቷ ደወለች።