የድንኳን ባንድ

«ደግሞ እዚያችው የዜማው ቦታ ላይ ተሳሳቱ!» ደሚቱ እርሳሷን የሒሳብ ደብተሯ ላይ ወረወረችው።

ከግድግዳው ማዶ፣ የዕድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በሚቀመጥበት ዕቃ ቤት፣ ፍሰሐና ሁለት ጀለሶቹ ጊታር መለማመድ ከጀመሩ ሁለት ወራቸው ነው። ድምፅ ማጉያቸው አሮጌ ሬዲዮ፣ ከበሮአቸው የዕድሩ በርሜል። የተበጠሰውን የጊታር ክር በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክተውታል። የልደታ ሰፈር ሁሉ «የድንኳን ባንድ» እያለ ይስቅባቸዋል። ስሙን ያወጣችው ደሚቱ ናት።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለዕድሩ ዳኛ ለጋሽ ፈቃደ አቤቱታውን የጻፈችውም እሷው ነች፤ «ልጆቹ ከዕቃ ቤቱ እንዲወጡልን» ብላ፣ በዚያ በሚደነቅላት የእጅ ጽሑፍ። አስራ አራት ጎረቤት ፈርሞበታል። ዕድሩ የሚሰበሰበው እሁድ ነው።

«ይውጡልን!» ትላለች እናቷ ጠጅቱ። «ብትወድቂስ? ደግሞ ወጣት ተሰብስቦ ሲያዩ አብዮት ጥበቃዎች ዝም የሚሉ ይመስልሻል? እኛም አብረን እንጠየቃለን።»

ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ጸጥ አለ። ደሚቱ ደስ ሊላት ሲገባ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብባ አልገባትም። ያቺን የሚሳሳቱባትን ቦታ እየጠበቀች መሆኑ ሲታወቃት በራሷ ተናደደች። ሳህን ስታጥብም ዜማው ከአፏ አልጠፋ አላት። በመጨረሻ ተነስታ ሄደች።

ፍሰሐ ድንኳኑ ላይ ተቀምጦ ጣቱን በጨርቅ ጠምጥሟል።

«ሽቦው በላኝ» አላት። «ለአራዳ ልጅ ምንም አይደል።»

«ሁሌ እዚያች ቦታ ላይ ለምንድን ነው የምትሳሳቱት?»

ቀና ብሎ አያት። «ትሰሚናለሽ እንዴ? እኛ እኮ ማንም የሚሰማን አይመስለንም። ዝም ብለን ለራሳችን ነው። ግን እሷን ቦታ ሳናልፍ አንተውም።»

ስለ አቤቱታው ሳትነግረው ተመለሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደገና ጀመሩ። ያቺ ቦታ ስትቃረብ ደሚቱ ትንፋሿን ያዘች። ጊታሩ ተንገዳገደ፣ በርሜሉ ጠበቀው፣ ተያይዘው ተሻገሩ።

«አለፏት!» ብላ ጮኸች።

«ምንድን ነው? ማን መጣ?» እናቷ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

«ማንም አልመጣም፣ እማዬ።»

«ክው አደረግሽኝ! በይ አቤቱታውን ለጋሽ ፈቃደ አድርሺ።»

ደሚቱ ወረቀቱን አወጣችው። «እንዲወጡልን» የሚለውን ሰርዛ ሌላ ብትጽፍበት፣ ሰው ያልፈረመበት ነገር ይሆናል። ከደብተሯ አዲስ ገጽ ቀደደች። «ከአስር እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ብቻ እንዲለማመዱ» ብላ ጻፈች።

እናቷ በትከሻዋ በኩል አነበበች። «አብደሻል? አስራ አራቱን ሰው እንደገና ልታስፈርሚ? ምን ይሉሻል?»

«ይሳደባሉ» አለች ደሚቱ፤ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች።

ከፈረሙት ጎረቤቶች ሁሉ በላይ ባንዱን የረገሙት እትዬ የሻረግ ነበሩ። ከእሳቸው በር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ጊታሩ እንደገና ጀመረ፤ እዚያችው ቦታ ላይ ደረሰና ተሳሳተ።

«ኡፍ! አሁን ነው እንዴ?» አለች በጥርሷ መሃል። ከዚያ በሩን አንኳኳች።