ሁለት ነርሶች ያዩት ውሃ

ዘበነ የሞተው መርፌው ገና ከክንዱ ሳይወጣ ነው። ለሳንባ ምች መርፌ ሲወጋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሰቆጣ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ጠዋት በእግሩ ገብቶ በሸክም ወጣ። የሰው ልጅ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ሲያሻግር የኖረ ደላላ ነበርና ብዙ ያለቀሰለት የለም። ወንድሙ ደግሰው ግን በር ላይ ተቀምጦ «የወጋችውን አልምራትም!» እያለ ይምላል።

የወጋችው ነርስ አልጣሽ ናት። ኢንስፔክተር እናትነሽ ስትደርስ ልጅቱ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ቀብራ ተቀምጣለች። እናትነሽ ጸጉሯ የሸበተ፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ነች።

«የመድኃኒቱን ዱቄት በምን በጠበጥሽው?»

«በውሃ ነዋ! ብልቃጡን አንስቼ ‹ውሃ› አልኩ፤ ሌላዋ ነርስ መስታወትም አይታ ‹ውሃ› አለች። ደንባችን ነው፤ አንዷ ትጠራለች፣ ሌላዋ ታረጋግጣለች።»

«አነበባችሁት?»

«በዓይኔ አይቸዋለሁ፣ እመዬ!»

ሁለተኛዋ ነርስ መስታወትም እንዲሁ ማለች።

የየበሽተኛውን ትሪ የሚያዘጋጀው የመድኃኒት ባለሙያው ኪዳኑ ነው። «ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ትሪው ላይ የፖታሲየም ብልቃጥ አየሁ» አለ ረጋ ብሎ። «ሳይቀጥን በደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል። ከመደርደሪያው አሳስታ አንስታ ይሆናል፤ ደክሟት ነበር።»

እናትነሽ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ካርቶን ከፍታ፣ ውስጡን ከላይ ወደ ታች ፎቶ እያነሳች አንድ በአንድ አወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም፣ ደግሰውንም ጭምር፣ መርፌ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«በሩ ላይ የተለጠፈው ምን ይላል?»

«‹ጸጥታ ያክብሩ›» አሉ ነርሶቹ በአንድ ድምፅ። ደግሰውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ወጥታችሁ እዩት።»

«ጫማዎን ያውልቁ» ይላል። እናትነሽ ጠዋት ቀይራው ነበር። ሁሉም የገዛ ጫማውን አየ።

«ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው። ትሪው ላይ ሁልጊዜ ውሃ በሚቀመጥበት ቦታ ሌላ ብልቃጥ ቢቀመጥ፣ ሁለት ጥንቁቅ ነርሶች ውሃ ያዩታል። አልጣሽ፣ ባዶውን ብልቃጥ መቼ ጣልሽው?»

«አላስታውስም።»

«እጅ የለመደውን ልብ አይዘውም። ካርቶኑ ግን ይዞታል። መርፌሽን የጣልሽው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፤ የፖታሲየሙ ብልቃጥ ከሱ ሥር ነበር። እንደ ልማድሽ ገና በጥብጠሽ ስትጨርሺ ጥለሽዋል፤ ጩኸቱ ሲሰማ ብልቃጡ ትሪው ላይ አልነበረም ማለት ነው።» ወደ ኪዳኑ ዞረች። «አንተ ግን ትሪው ላይ አየሁት አልከኝ።»

«ተሳስቼ ይሆናላ። ሰው ይሳሳታል፤ አሁን ራስዎ አሳዩን እኮ።»

«ይሳሳታል። ግን የሚሳሳተው ወደጠበቀው ነው። እነሱ ውሃ ጠብቀው ውሃ አዩ። ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ማንም የፖታሲየምን ስም ሳያነሳ፣ አንተ ምን ጠብቀህ ነው ፖታሲየም ያየኸው?»

ያ ረጋ ያለ የኪዳኑ ፊት በጥላቻ ተቀየረ።

«እህቴን ምስራቅን እሱ ነው የላካት። በረሃ ላይ ውሃ ውሃ እያለች ሞተች። ሊታከም ሲመጣ ‹ምስራቅን ያስታውሷታል?› አልኩት። ‹የትኛዋን?› አለኝ። የትኛዋን! ቢነሳ ደግሜ እገድለዋለሁ!»

ደግሰው ዘሎ ሲነሳ ፖሊሶች ያዙት። አልጣሽ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኪዳኑ ቀረበች። እጆቿ ከጉያዋ ወጥተዋል።

«የእህትህ ሞት እንዴት እንደሚያንገበግብህ ይገባኛል» አለችው። «ትናንት ግን ይኸ ሰውዬ በር ላይ ሆኖ ደሜን ሲጠብቅ፣ ሻይ አምጥተህልኝ ‹አይዞሽ› ብለኸኛል። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔስ ኪዳኑ፣ የማን እህት ነኝ?»

ፖሊሶቹ እጁን ይዘው ሲያወጡት ኪዳኑ ቀና ብሎ አላያትም።