ከጉሙ ጀርባ ያለው አረንጓዴ

«ከእኔ መስታወት ጀርባ ያለውን አይቶ የሚነግረኝ ሰው ከተገኘ ስሜን እቀይራለሁ» ትል ነበር ራዊያ፣ ከቆቦ እስከ ሮቢት ሰሚ ባገኘችበት ሁሉ። ባጃጅ ውስጥ ትላለች፣ ሰርግ ቤት ትላለች፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዴ ጀምራ እናቷ ቆንጥጣ አስቁማታለች።

መስታወት የምትለው የስልክ ላይ ነገር ነው። ወንድሟ ጀሚል የመስኖ ፓምፑን ከሩቅ የሚከፍትና የሚዘጋ መተግበሪያ ሲሠራ መልኩን ያበጀችው እሷ ናት። ሰው ማስታወቂያ ሊጽፍ ሲል አንድ ሰሌዳ ከታች ተንሸራቶ ይወጣል። ሰሌዳው እስትንፋስ እንዳረፈበት የሚኒባስ መስኮት ጉም የለበሰ ነው፤ ከጀርባው ያለው ሁሉ፣ የፓምፑ መክፈቻ ቁልፍ ሳይቀር፣ ይደበዝዛል። ራዊያ ይህን እያየች ምሳዋን ትረሳ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ታዲያ የፓምፑ ጠባቂ ደምሴ፣ ቀኝ እጁ ጠቁሮ፣ የፓምፑ ቤት ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ።

የተበጠሰ ሽቦ ሊቀጥል ነበር የገባው። ዱሮ ቢሆን ትራንስፎርመሩ ድረስ ወርዶ ዋናውን ማጥፊያ በእጁ ይጎትት ነበር። መተግበሪያው ከመጣ ወዲህ ግን ያን መንገድ በዚያ ፀሐይ ማን ይሄዳል? «ዝጉልኝ» ብሎ መደወል ለመደ። እና አንድ ሰው ከሩቅ ከፈተበት። ፓምፑን መክፈት የሚችሉት ሦስት ስልኮች ናቸው፦ የጀሚል፣ የውሃ ማህበሩ ሊቀመንበር የጋሽ ሰለሞን፣ የውሃ ተራ አስከባሪዋ የእትዬ ሳሊሀ። ፖሊስ ብዙም ሳያስብ ጀሚልን አሰረ። መተግበሪያውን የሠራው እሱ ነዋ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር አበበች ከወልዲያ መጣች። ሰው ሲያወራ ፊቱን ትታ እጁን የምታይ፣ አጭር ወይዘሮ ናት። የእስረኛ መኪናው ማታ ጀሚልን ይዞ ሊሄድ ነው፤ ራዊያ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷት ኢንስፔክተሯን እንደ ጥላ ትከተላለች።

«ቀለሞቹን ንገሪኝ» አለቻት አበበች።

«የትኞቹን?»

«የቁልፉን። ፓምፑ ሲዘጋ ምን ይሆናል?»

«ቀይ። ሲከፈት በከፈተው ሰው ስልክ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ በሌሎቹ ላይ ቢጫ። ‹እኔ ከፍቻለሁ› ወይም ‹ሌላ ሰው ከፍቷል›፣ ይህችን ብቻ ይወቁ ብዬ ነው። በስም ከተጻፈ ጭቅጭቅ ይመጣል።»

«ማን፣ መቼ እንደከፈተ የት ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም።» ራዊያ ሂጃቧን ነካካች። «ጀሚል ይቀመጥ ብሎኝ ነበር። ገጹን ያበላሽብኛል አልኩት።»

አበበች የራዊያን ጣቶች አየችና መንገዷን ቀጠለች። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

እትዬ ሳሊሀን ከፓምፑ ቤት አጠገብ፣ ሽንኩርት ማሳቸው ላይ አገኟቸው። «ተራው የእኔ ነበር» አሉ። «ውሃው ቦዩን ሞልቶ ሲመጣ አልሐምዱሊላህ ብዬ አካፋዬን አነሳሁ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ይህች ልጅ ጽሑፉን ነጭ በነጭ አድርጋው በፀሐይ አይነበብ፤ ጥላ ፈልጌ ሳየው ‹ደምሴ እየጠገነ ነው፣ ፓምፑ ዝግ ነው› ይላል። ውሃው እኮ እግሬን እያጠበኝ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቆመ። ደምሴም ቆመ፣ ነፍሱን ይማረው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓርብ ስብሰባ ላይ የሰው ተራ እየሰረቀ ማንጎውን የሚያጠጣውን እናገራለሁ ብሎኝ ነበር። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ጋሽ ሰለሞን ቆቦ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቃቸው በረንዳ ላይ ነበሩ። «ደምሴ ‹ሽቦ ልይዝ ነው› ብሎ ደወለልኝ፤ ወዲያው ዘጋሁለት። ቁልፉ ቀይ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ማስታወቂያውን ጻፍኩ። የሰሌዳውን ስክሪንሾት አንስቼም የማህበሩ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፣ ሁሉ እንዲያውቅ። ከዚያ በኋላ ማን እንደከፈተ ጀሚልን ጠይቁት።»

«ወይዘሮ ሳሊሀ ውሃው ከመልእክቱ ቀድሞ መጣ ይላሉ።»

«የኛ ኔትዎርክ መች በሰዓቱ አድርሶ ያውቃል? የትናንት ሰላምታ ዛሬ ነው የሚደርሰኝ።»

ይህ እውነት ስለነበር ራዊያ ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች።

«ማንጎ አለዎት?»

«ማን የሌለው አለ?» አሉ ጋሽ ሰለሞን፣ ጣታቸው የወንበሩን ክንድ እየፋቀ።

ሲወጡ አበበች ስክሪንሾቱን ከፍታ ቆማ ቀረች። «እሱ ላይ አይድከሙ» አለቻት ራዊያ፣ እንዲህ ባለ ቀን እንኳ አላስችላት ብሎ። «ጀርባው አይታይም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም የፓምፑ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። ቆርቆሮው ይግላል፤ ጀሚል በካቴና መጥቶ ጥግ ቆሟል። አበበች ዋናውን ማጥፊያ ራሷ ወርዳ ጎትታ፣ ላቧን እየጠረገች ገባች።

«ፓምፑ አይነሳም፤ ቁልፉ ግን ቀለሙን ይቀይራል» አለች። «አቶ ሰለሞን፣ ስልክዎን። ዝግ ነው፤ ሰሌዳውን አወጣለሁ። ምን ይታያል?»

ከጉሙ ስር፣ ጥግ ላይ፣ ቀይ ሥር እንደነካው ጨርቅ ቀላ ያለ ነገር አለ።

«ጀሚል፣ አሁን አንተ በስልክህ ክፈት።» ጉሙ እርድ እንደፈሰሰበት ቢጫ ሆነ። ተዘግቶ እትዬ ሳሊሀ በስልካቸው ከፈቱ፤ አሁንም ቢጫ። በመጨረሻ እንደገና ተዘግቶ፣ አበበች በራሳቸው በጋሽ ሰለሞን ስልክ ከፈተችና ሰሌዳውን አወጣች። ጉሙ አረንጓዴ ሆነ።

ራዊያ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ወፍራሙ ጉም ለእትዬ ሳሊሀ ስልክ ከብዶት እየጋለ ስለሚቆም፣ ቀነስ አድርጌው ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ቅርጹን ይሸፍናል፤ ቀለሙን ግን ያሳልፋል» አለች አበበች። «መልእክት በኔትዎርክ ሊዘገይ ይችላል፣ እውነት ነው። ሥዕል ግን ሲነሳ የነበረውን ነው ይዞ የሚቀረው።» ስክሪንሾቱን አሳየቻቸው። ‹ፓምፑ ዝግ ነው› ከሚለው ጽሑፍ ስር፣ ያው ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ። «ዝግ ቢሆን ይቀላ ነበር። ሌላ ሰው ከፍቶት ቢሆን ቢጫ ይሆን ነበር። ደምሴ ሽቦ ልይዝ ነው ሲልዎት፣ ዓርብ የተራ ሌባ ብሎ ስምዎን እንዳያነሳ፣ በእጅዎ ከፈቱ። እሱ ሲሞት ግሩፑ ንጹሕ ሰው መሆንዎን እንዲያይ፣ ሳይዘጉት ‹ዝግ ነው› ብለው ጻፉ። ከዚያ ዘጉት።»

ጋሽ ሰለሞን ደምሴ የወደቀበትን ወለል ላለማየት ወደ ራዊያ ዞሩ። «አንቺ አይደለሽ ከጀርባው ምንም አይታይም ያልሽኝ?» አሉ። «ሱቄ ድረስ መጥተሽ።»

ካቴናው ከጀሚል እጅ ወጥቶ ወደ እሳቸው ሄደ።

ውጭ ንፋሱ አቧራ ያነሳል። ጀሚል የእጁን አንጓ እያሸ ነው፤ ራዊያን ግን አላስችል አላት። «ቢሆንም» አለች፣ «ገዳዩን የያዘው የእኔ መስታወት ነው።»

እትዬ ሳሊሀ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ።

«መስታወትሽ ማንንም አልያዘም፣ አንቺ ልጅ። ከቆቦ እስከ ሮቢት ጉራሽን ያመነ እሱ ብቻ ስለነበር ነው የተያዘው።»